የፖኬይራ ሸለቆ መንደሮች፦ የሙሮች አሻራ ያለባቸውን የአንዳሉሲያ ተራራማ የገበሬ መንደሮች በአግባቡ ለመጎብኘት የሚረዳ መመሪያ

በደቡብ ስፔን፣ ከግራናዳ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ የሲየራ ኔቫዳ ተራራ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር በሚያዘቀዝቅበት ፊት ላይ አልፑሃራ የሚባል አገር አለ። የፖኬይራ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ በሚወርድበት ጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሦስት የገበሬ መንደሮች አንዱ ከሌላው በላይ ተሰቅለው ይታያሉ፤ ከታች በ1,058 ሜትር ከፍታ ፓምፓኔይራ፣ ከመካከል በ1,300 ሜትር ገደማ ቡቢዮን፣ ከላይ በ1,436 ሜትር ካፒሌይራ። ይህ መመሪያ ከእነዚህ መንደሮች በአንዱ አርፎ፣ ሙሮች፣ ማለትም በመካከለኛው ዘመን ይህን አገር ይገዙ የነበሩት ሙስሊሞች፣ የተዉትን የእርሻና የቤት አሠራር በእርጋታ ማየት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ግራናዳን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ አልሃምብራን አይቶ ይመለሳል። አልፑሃራ ውስጥ ግን እንደ አልሃምብራ ያለ ቤተ መንግሥት የለም፤ እዚህ የሙሮቹ ሥራ የሚገኘው በእርከኑ፣ በመስኖ ቦዩና በቤቱ ጣሪያ ላይ ነው። ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ የሄደ ጎብኚ በግማሽ ቀን ውስጥ ነጫጭ ቤቶችን ፎቶ አንሥቶ፣ ከምንጣፍ ሱቅ አንድ ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል፤ አውቶቡስ ሙሉ ሆነው ከሚመጡት አብዛኞቹ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ከመነሣት በፊት፦ ታሪኩን በአጭሩ መያዝ

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የመጨረሻው የናስሪድ ሥርወ መንግሥት ገዢ፣ ስፔናውያን ቦአብዲል የሚሉት አቡ አብደላህ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2 ቀን 1492 ግራናዳን ለንጉሥ ፈርዲናንድና ለንግሥት ኢሳቤላ ካስረከበ በኋላ በአልፑሃራ ርስት ተሰጥቶት ጥቂት ተቀመጠና በ1493 ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረ። በርክክቡ ውል ሙስሊሞቹ ሃይማኖታቸውን ይዘው እንዲኖሩ ቃል ተገብቶላቸው የነበረ ቢሆንም ውሉ ብዙ አልቆየም። በግዳጅ ማጥመቅ ሲጀመር ከ1499 እስከ 1501 የዘለቀ ዐመፅ ተነሣ፤ ዐመፁ ሲከሽፍ ሕዝቡ በሙሉ በስም ክርስቲያን ተደረገ፤ ከዚያ በኋላም ሞሪስኮ ተብሎ ተጠራ።

በ1567 ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ የዐረብኛ ቋንቋን፣ አለባበሳቸውንና የመታጠቢያ ልማዳቸውን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገረ። በ1568 በፈረንጆች የገና ዋዜማ አልፑሃራ ለሁለተኛ ጊዜ ዐመፀ፤ ዐመፀኞቹም ፈርናንዶ ዴ ቫሎር የተባለውን ሰው አቤን ኡሜያ ብለው አነገሡት። ይህ ጦርነት በሁለቱም ወገን ምሕረት የለሽ ነበር፤ ዐመፀኞቹ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ፣ ካህናትን ገደሉ፤ በዶን ሁዋን ዴ አውስትሪያ የተመራው የንጉሡ ጦር ደግሞ መንደሮችን አጠፋ፣ ሴቶችንና ሕፃናትንም ለባርነት ሸጠ። አቤን ኡሜያ በ1569 በራሱ ሰዎች እጅ ተገደለ፤ ተተኪውም በ1571 ተገድሎ ዐመፁ አከተመ። ሞሪስኮዎቹ ከግራናዳ ግዛት ተነቅለው በካስቲያ አውራጃዎች ተበተኑ፤ ባዶ የቀረው መሬትም ከጋሊሲያ፣ ከሌዮን፣ ከካስቲያና ከሌላም አካባቢ ለመጡ ሰፋሪዎች ተከፋፈለ። በመጨረሻም ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ የሞሪስኮ ወገን ከመላው ስፔን ተባረረ።

ይህን ማወቅ ለጎብኚው ሁለት ጥቅም አለው። የመጀመሪያው፣ በመንደሩ ያሉትን ሰዎች የዐረብ ዘር አድርጎ ከመገመት ያድናል፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን የሰሜን ሰፋሪዎች ልጆች አድርገው ነው የሚያስቡት። ሁለተኛው፣ ከፊቱ ያለውን ነገር በትክክል እንዲያይ ያደርገዋል፦ ባለቤቱ ተባሮ ሥራው የቀረበት አገር ነው። አዲሶቹ ሰፋሪዎች ቦዩንና እርከኑን እንዲያሠለጥኗቸው በየመንደሩ ጥቂት የሞሪስኮ ቤተሰቦች እንዲቀሩ ተደርጎ ነበር ተብሎ በአገሬው ዘንድ ይተረካል።

ወቅት፣ ሰነድና መንገድ

ለጉብኝት የሚመቹት ወራት ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ናቸው። በፀደዩ በረዶው እየቀለጠ ስለሚወርድ ቦዮቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው ይገኛሉ፤ በመኸሩ ካስታኛ የሚባለው ዛፍ ፍሬ የሚለቀምበትና ቅጠሉ ቢጫ የሚሆንበት ወቅት ነው። ነሐሴ የእነርሱ በጋ ስለሆነ ሞቃትና ሰው የሚበዛበት ነው፤ በክረምታቸው ደግሞ ካፒሌይራ ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ቀን 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። በጀርመን፣ በጣሊያን፣ በስዊድን ወይም በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ቪዛ መሄድ ይችላል።

መነሻው ግራናዳ ነው። ከግራናዳ አውቶቡስ መናኸሪያ አልሳ የተባለው ድርጅት አውቶቡስ በላንሃሮንና በኦርሂቫ በኩል ወደ ሦስቱም መንደሮች ይወጣል፤ መንገዱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከኦርሂቫ በኋላ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መኪና ላይ ሆዱ የሚረበሽ ሰው ከፊት ይቀመጥ። በቀን የሚኖረው ጉዞ ጥቂት ስለሆነ ቲኬቱን አስቀድሞ መግዛት፣ የጉዞ ሰሌዳውንም ሲያነብ ሰዓቱን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ 14:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። መኪና የተከራየ ሰው መኪናውን በመንደሩ መግቢያ ባለው ማቆሚያ ትቶ በእግሩ ይግባ፤ አንዳንዱ መተላለፊያ ጭነት የያዘ በቅሎ እንኳ በቀላሉ የሚያልፍበት አይደለም።

የት ማረፍ ይሻላል

ሦስቱም መንደሮች የእንግዳ ማረፊያና የሚከራይ ቤት አላቸው። ፓምፓኔይራ ሱቅና ጎብኚ ይበዛበታል፤ ካፒሌይራ ወደ ከፍታው ለሚወጡ እግረኞች ይመቻል። የእኔ ምርጫ ቡቢዮን ነው፤ ከሦስቱ ጸጥ ያለው እርሱ ነው፤ ወደ ታችም ወደ ላይም በእግር ለመሄድ መካከል ላይ ይገኛል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር ያስፈልጋል፤ የቀን ጎብኚዎቹ አመሻሹ ላይ ሲመለሱ መንደሩ የገበሬዎቹ ይሆናልና። ሲከራዩ ማሞቂያ መኖሩን መጠየቅ አይዘንጋ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ በበጋ የሚያቀዘቅዘውን ያህል በፀደይ ሌሊትም ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያው ከሰዓት፦ ጣሪያውን ማየት

ዕቃን ካስቀመጡ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ወደ መንደሩ የላይኛው ጫፍ ወጥቶ ቁልቁል መመልከት ነው። ጣሪያዎቹ ሁሉ ጠፍጣፋና ግራጫ ናቸው። በሌላው የአንዳሉሲያ ክፍል የተለመደው ቀይ ሸክላ እዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ላይ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይታይም። ከካስታኛ እንጨት የተጠረቡ ወራጆች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይጋደማሉ፤ በእነርሱ ላይ እንጨት ወይም ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይረበረባል፤ በመጨረሻም ላውና የሚባለው ግራጫ ሸክላማ አፈር ይደለደላል። ይህ አፈር ዝናብ ሲነካው እየጠበቀ ውሃ አያሳልፍም። አገሬው ላውና መደልደል ያለበት ጨረቃ በምትጎድልበት ጊዜ ነው ይላል። በትግራይ ያለውን ሕድሞ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚያ ወደ ታች እየወረዱ ቤቶቹ በዳገቱ ላይ እንዴት እንደተደረደሩ መመልከት ይገባል፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ከላይኛው ቤት ወለል ጋር ይስተካከላል። ጣሪያው በለስ፣ ቃሪያና በቆሎ የሚሰጣበት ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያ ላይ መውጣት የሰው ግቢ መግባት መሆኑ አይረሳ። አንዳንዱ መተላለፊያ ላይ ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ከማዶው ግድግዳ ጋር ይጋጠማል። ቲናኦ የሚባለው ይህ ሽፋን እግረኛውን ከፀሐይና ከበረዶ ይከልለዋል፤ ለቤቱም አንድ ክፍል ይጨምርለታል። ቆም ብሎ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው የመጥረቢያው ምልክት ያልጠፋባቸውን ጥቁር ወራጆች ያያል፤ ከድርብራቡ ክፍተት የላውናው ብናኝ ሲወርድም አይቀርም። ክብ ሆነው የቆሙት የጢስ መውጫዎች በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነው ነፋስ እንዳያነሣው ሌላ ድንጋይ ተጭኖባቸዋል።

የውስጡን አሠራር ለማየት በቡቢዮን የድሮው የገበሬ ቤት ሙዚየም ሆኖ ተጠብቋል። የታችኛው ደረጃ የከብት በረት፣ የላይኛው የሰው መኖሪያ የነበረ መሆኑን እዚያ ማየት ይቻላል። የሸለቆው መንደሮች በ1982 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ስለዚህም ነው አዲስ ቤት እንኳ በአሮጌው ቅርጽ የሚሠራው።

ሁለተኛው ቀን፦ ውሃውን መከተል

የመንደሩ ሕይወት የተመሠረተው በውሃው ላይ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከፀሐይ በፊት ተነሥቶ ከቡቢዮን ወደ ካፒሌይራ የሚወስደውን የእግር መንገድ መያዝ፣ በመንገዱ ላይ የሚያጋጥመውን ቦይ ሁሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ነው ትልቁ ሥራ። ከታች ከፓምፓኔይራ የሚነሣ ሰው እስከ ካፒሌይራ ድረስ 380 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ለአዲስ አበባ ልጅ የከፍታው አየር አያስቸግርም፤ ሦስቱም መንደሮች ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳሉ፤ የሚያደክመው የዳገቱ ቀጥ ማለት ነው።

ሥርዓቱን ለመረዳት ከላይ መጀመር ይሻላል። ሲየራ ኔቫዳ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ይሸከማል፤ በፀደይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወርዶ ባሕር ይገባ ነበር። ገበሬው ግን ውሃ የሚፈልገው በደረቁ በጋ ነው። ስለዚህ ከመንደሮቹ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ የቀለጠውን ውሃ ከጅረቱ ጠልፈው በጎን የሚመሩ አሴኪያ የሚባሉ ቦዮች ተቆፈሩ። የእነዚህ የላይኞቹ ቦዮች ተግባር ማሳ ማጠጣት አይደለም፤ ውሃውን አፈሩ ልል ወደሆነበት ሥፍራ ወስደው እንዲሰርግ ይለቁታል። ይህ ካሬኦ ይባላል። የሰረገው ውሃ በተራራው ውስጥ ቀስ ብሎ ተጉዞ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ከታች ባሉት ምንጮች ይወጣል፤ በሐምሌ ማሳውን የሚያጠጣው፣ በመንደሩ አደባባይ ካለው ቧንቧም የሚቀዳው ይህ ውሃ ነው። ግድብ ሳይሠራ ተራራውን ራሱን ጎተራ ማድረግ ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ በአልፑሃራ ከዚህ የሚበልጥ የሚታይ ነገር አለ አልልም።

የታችኞቹ ቦዮች ደግሞ የማሳ ናቸው። ውሃው በተራ ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ ማሳ የተወሰነ ሰዓት አለው፤ ተራው ሌሊት የደረሰው ገበሬ ፋኖሱን ይዞ በሌሊት ይወጣል፤ ወይም ውሃውን በትንሽ ገንዳ አጠራቅሞ ጠዋት ያጠጣል። ተራውን የሚያስከብረው፣ ቦዩን የሚያስጠርገው፣ ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው በአጠጪዎቹ ማኅበር የተሾመው የውሃ አባት ነው። በቦዩ ዳር የሚሄድ እግረኛ በድንጋይ፣ በሣር ሥርና በጭቃ የተደፈነ መክፈቻ ሲያይ እጁን መሰብሰብ አለበት። አንዷን ድንጋይ ለፎቶ ብሎ ያነሣ ሰው የአንድን ገበሬ የሳምንት ተራ ሊያጠፋ ይችላል።

ቦዩ በአብዛኛው ከአፈርና ከድንጋይ የተሠራ ስለሆነ በመንገዱ ሁሉ ያንጠባጥባል። ይህ እንደ ብክነት ታይቶ በአንዳንድ ቦታ በሲሚንቶ ተለብጧል፣ በቧንቧም ተተክቷል። ነገር ግን ካስታኛው፣ በለሱና በቦዩ ዳር ያለው ሣር ሁሉ የሚኖረው በዚያ ጠብታ ነው፤ ሲሚንቶ በፈሰሰበት ቦታ ከቦዩ በታች ያሉት ዛፎች ሲደርቁ ልዩነቱ ከማዶ ሆኖ እንኳ ይታወቃል። ወጣቱ ወደ ከተማ በመፍለሱ ብዙ ቦዮች ተዘግተው ኖረዋል፤ ባለፉት ዓመታት ግን የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከገበሬዎችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በአካፋና በዶማ እየጠረጉ የተወሰኑትን መልሰው ከፍተዋል።

እርከኖቹን ሲያዩ ካቡ በምን እንደተያያዘ መመልከት ነው፦ ጭቃም ሲሚንቶም የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ነው። በካቡ ላይ መሄድ ክልክል ነው ባይባልም ነውር ነው፤ አንድ ድንጋይ ሲንሸራተት የቀረው ይከተላል። በእነዚህ መደቦች ላይ ድንች፣ ባቄላ፣ ቲማቲምና ቼሪ ይበቅላል፤ ዝቅ ሲል ወይን፣ በለስና አልመንድ፣ ወደ ኦርሂቫ ሲወረድ ወይራና ብርቱካን ይተካል። በናስሪዶች ዘመን የአልፑሃራ ሀብት የነበረው ሐር ነው፤ ትሉ የሚመገበው የሙልቤሪ ዛፍም በየእርከኑ ተተክሎ ነበር። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነፋስ በሚያገኘው ጉብታ ላይ በድንጋይ የተነጠፈ ክብ ሜዳ ያገኘ ሰው አውድማ ላይ ነው የቆመው።

ከካፒሌይራ ወደ ወንዙ የሚወርደውን መንገድ ይዞ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከማዶ መንደሮቹን አይቶ መመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከማዶ ሲታይ የቦዩ መሥመር በደረቁ ዳገት ላይ እንደ አረንጓዴ ክር ተስቦ ይታያል፤ ከእርሱ በታች ልምላሜ፣ ከእርሱ በላይ ቁጥቋጦ። ለዚህ ጉዞ የሚይዝ ጫማ፣ ባርኔጣና ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ያስፈልጋል። ለአደጋ ጊዜ የሚደወለው 112 ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ግን ስልክ ሊቋረጥ ስለሚችል ማረፊያው ባለቤት ዘንድ የሚሄዱበትን ተናግሮ መውጣት ይገባል።

ከሰው ጋር ስለ መነጋገር

በመንደር መንገድ ላይ የተገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ግዴታ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት «ብዌኖስ ዲያስ»፣ ከዚያ በኋላ «ብዌናስ ታርዴስ» ይባላል። ሽማግሌዎችን እንደ እኛው «አንቱ» በሚለው አክብሮት፣ «ኡስቴድ» እያሉ ማነጋገር ያስመሰግናል። ሰው ማሳው ላይ ሲሠራ ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ፣ የፍየል በር ሲያልፉ እንደነበረ መዝጋት፣ ከመንገድ ዳር ያለ ዛፍ ፍሬ አለመቅጠፍ ነው፤ ባለቤት የሌለው የሚመስለው የካስታኛ ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው። ሱቆች ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ገደማ ስለሚዘጉ በዚያ ጊዜ በር ማንኳኳት ተገቢ አይደለም።

ምግብ፦ ለጾመኛና አሳማ ለማይበላ ሰው

ለእኛ አንባቢ ከባዱ ነገር ይህ ነው። የአልፑሃራ ዋና ምግብ በዘይት የተጠበሰ ድንችና እንቁላል ከደረቀ የአሳማ ጭን፣ ከቋሊማና በደም ከተሞላ አንጀት ጋር የሚቀርብበት ሳህን ነው። ከሸለቆው በስተ ምሥራቅ ያለችው ትሬቬሌዝ በብርዳማ አየሯ በሚደርቀው የአሳማ ጭን በመላው ስፔን ትታወቃለች። «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ አስተናጋጁ በባቄላው ላይ የተነሰነሰውን የአሳማ ቁራጭ እንደ ሥጋ ላይቆጥረው ይችላል። ስለዚህ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሃሞን» ብሎ ሁለቱንም መጥራት፣ ሾርባው በምን ውሃ እንደተቀቀለም መጠየቅ ነው። ብስኩትና ኬክ ላይም «ማንቴካ» የሚል ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ጮማ አለበት።

ዐቢይ ጾም ላይ የሚሄድ ሰው አይራብም። ሚጋስ የሚባለው በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት የሚታመስ የዱቄት ፍርፍር ያለ ቋሊማ ከተዘዘ የጾም ነው፤ ከተጠበሰ ቃሪያ ጋር ይቀርባል፤ ድንቹንም ያለ እንቁላል በቃሪያና በሽንኩርት ማስጠበስ ይቻላል። ለፍስክ የፍየል ሥጋና የፍየል አይብ አለ። ሙስሊም አንባቢ ሐላል ሥጋ መንደሮቹ ውስጥ አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻላል፤ ኦርሂቫ ግን የሙስሊም ማኅበረሰብ ስላለባት ወደ ላይ ከመውጣት በፊት እዚያ መጠየቅ ይጠቅማል። የኦርሂቫ ገበያ ሐሙስ ነው።

ጊዜ ለተረፈው

በሦስተኛው ቀን ምርጫው ሁለት ነው። ከፍታ የሚወድ ሰው በበጋ ወራት ከካፒሌይራ የሚነሣውን የብሔራዊ ፓርኩን አውቶቡስ አስቀድሞ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ የግል መኪና ከተወሰነ ቦታ በላይ አይፈቀድም። ከዚያ የሚታየው 3,479 ሜትር ከፍታ ያለው ሙላሴን በቦአብዲል አባት በሙላይ ሐሰን ስም የተጠራ ነው። ሌላው ምርጫ በመንገዱ ወደ ምሥራቅ ቀጥሎ ፒትሬስንና ፖርቱጎስን ማየት ነው፤ ከፖርቱጎስ አጠገብ ብረት የበዛበት ምንጭ ድንጋዩን ሁሉ የዝገት ቀለም አልብሶ ይፈስሳል፤ ውሃውም ምላስ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አጋማሽ ገደማ የሄደ ሰው በቫሎር መንደር የሙሮችንና የክርስቲያኖችን ውጊያ በአደባባይ የሚያሳየውን ዓመታዊ በዓል ሊያገኝ ይችላል። በተውኔቱ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው፤ ቫሎር ግን የአቤን ኡሜያ የትውልድ ርስት ስለሆነች እዚያ ማየቱ ለየት ይላል።

ለመታሰቢያ የሚገዛ ካለ ከጨርቅ ቁራጭ የሚሠራው ሃራፓ የሚባለው ምንጣፍ ተመራጭ ነው፤ ሸማኔው ራሱ ከሚሠራበት ሱቅ መግዛት ይሻላል፤ በመንገድ ዳር ከተሰቀለው ብዙው በፋብሪካ የተመረተ ነውና። ማርና የደረቀ በለስም ለመያዝ ይቀላሉ። የእሑድና የበዓል ቀን አውቶቡስ ከሌላው ቀን ስለሚቀንስ የመልሱን ሰዓት ከመድረሻው ቀን ጀምሮ ማረጋገጥ፣ አነስተኛ ሱቆች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉም ጥቂት ጥሬ ዩሮ በኪስ ማስቀረት ያስፈልጋል።